«ድሮ አንዴ ተቀጥቼ ነበር፤ ውጭ ሄጄ ማስተማር እችላለሁ?»

ጥያቄ

ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ሂሳብ አስተምራለሁ፤ በሙያው 5 ዓመት ሆኖኛል። በቅርቡ ውጭ አገር ያለ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አደረገልኝ። ወደውኛል መሰለኝ፣ «የቀሩትን ፎርሞች ሞልተሽ ላኪልን» አሉኝ። ከፎርሞቹ አንዱ ላይ «በማንኛውም ጊዜ በወንጀል ተፈርዶብሽ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ አለ። እዚያ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

የ20 ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ሱቅ መዋቢያ ሳልከፍል ይዤ ስወጣ ተያዝኩ። ፍርድ ቤት ቀረብኩ፣ ጥፋቴን አመንኩ፣ በገንዘብ ተቀጣሁ፣ ከፈልኩ። እስር ቤት አልገባሁም። ከዚያ ወዲህ ምንም የለብኝም። ጓደኛዬ «የለም ብለሽ ሙዪ፣ ማን ያየዋል» ትለኛለች። አንድ ኤጀንት ደግሞ «ትንሽ ገንዘብ ካለሽ ንጹህ ወረቀት አወጣልሻለሁ» ብሎኛል። ይህ ነገር ዕድሜ ልኬን ሊከተለኝ ነው? ሌላ አገር ብሞክርስ ይሻለኛል? አሁን ለምሠራበት ትምህርት ቤትስ ምን ልበል?

ስሜ ይቆይ

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ፎርሙን ዛሬ አትላኪው። ቁርጥ ያለ ቀን ካልሰጡሽ በስተቀር የጥቂት ቀን መዘግየት ምንም አያመጣም። «ወረቀቶቼን እያሰባሰብኩ ነው» ብለሽ አጭር መልእክት ላኪላቸው። እውነትም ነው፤ ልታሰባስቢ ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። በ20 ዓመት ዕድሜ የተፈጸመ፣ በገንዘብ ቅጣት ያለቀ፣ ያልተደገመ ጥፋት በብዙ አገሮች ሕግ የመምህርነትን በር አይዘጋም። የሚዘጉም አሉ፤ እነሱን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ። ሰዎችን ከሥራ የሚያስቀራቸው ግን ብዙ ጊዜ ያ ትንሽ ጥፋት ራሱ አይደለም። እጅሽ የቆመባት ሳጥን ውስጥ የሚጽፉት መልስ ነው።

ስለዚህ ምን መጻፍ እንዳለብሽ ከማሰብሽ በፊት አንድ ነገር እወቂ፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? አንቺ የምታስታውሺውን እያልኩሽ አይደለም። ወረቀቱ የሚለውን ነው። ብዙ ሰው በዓመታት ውስጥ የራሱን ታሪክ ይለውጠዋል። አንዳንዱ «ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር» ብሎ ሲያስብ የኖረው ነገር የጥፋተኝነት ውሳኔ ሆኖ ያገኘዋል። ሌላው ደግሞ ተፈርዶብኛል ብሎ ሲሳቀቅ ኖሮ መዝገቡ ተዘግቶ ያገኘዋል። ጥፋቱ በተፈጸመበት አገር የፖሊስ ክሊራንስሽን፣ ማለትም የወንጀል መዝገብ እንዳለሽና እንደሌለሽ የሚገልጸውን ወረቀት፣ ራስሽ አውጪ። ከፍርድ ቤቱም የውሳኔውን ግልባጭና ቅጣቱን የከፈልሽበትን ደረሰኝ ጠይቂ። የውሳኔ ግልባጭ ከምታስቢው በላይ ይጠቅምሻል። ለምሳሌ የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ በአሻራ የሚያወጣው ወረቀት መያዝን ጭምር ይዘረዝራል፤ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ሳይጻፍበት የሚቀርበት ጊዜም አለ። «ተይዛለች» ብቻ የሚል ወረቀት ያየ ቀጣሪ የቀረውን በራሱ ይሞላዋል። አንቺ ግን የውሳኔውን ግልባጭ ከጎኑ ካስቀመጥሽለት የሚገምተው ነገር አይኖርም።

ወረቀቱን ስታወጪ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አትርሺ። የስምሽ አጻጻፍ ከፓስፖርትሽ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ደግሞም በጣም ቀድመሽ የማረጋገጫ ማህተም ለማስመታት ገንዘብ አታውጪ። ብዙ አገሮች ከ6 ወር በላይ የቆየ ክሊራንስ አይቀበሉም። የመጀመሪያው ለአንቺ ለራስሽ ማወቂያ ነው። ለቪዛ የሚሆነውን ሥራው ከተረጋገጠ በኋላ እንደገና ታወጪያለሽ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የውጭ ማስተማር ሥራ» አንድ በር ይመስለዋል። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ጠባቂ አላቸው። አንዱ ቪዛ የሚሰጠው መንግሥት ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ነው። ሦስተኛው፣ ባለባቸው አገሮች፣ የመምህራንን ፈቃድ የሚሰጠው አካል ነው። አንዱ «ችግር የለም» ሲል ሌላው «አይሆንም» ሊል ይችላል። ትምህርት ቤቱ ወዶሽ ቪዛው ሊከለከል ይችላል። ቪዛው ወጥቶ ፈቃድ ሰጪው ሊያንገራግር ይችላል። አንዱ ጋ ያለፍሽውን ነገር ለሌላው አልፌዋለሁ ብለሽ አትተዪው።

ከመንግሥቶቹ እንጀምር። ጠንከር ያሉት ቻይናና ደቡብ ኮሪያ ናቸው። ቻይና ለውጭ መምህር የሥራ ፈቃድ ስትሰጥ ከወንጀል ነጻ የሆነ ማስረጃ ትጠይቃለች። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ካለ የቀረውን ታሪክ የሚሰማሽ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ እንግሊዝኛ ለሚያስተምሩ የውጭ ዜጎች የምትሰጠው «ኢ-2» የሚባል ቪዛ አላት፤ የሚፈቀደውም ለጥቂት እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ዜጎች ነው። አመልካቾች በአገር አቀፍ ደረጃ የተጣራና የተረጋገጠ የወንጀል ምርመራ ወረቀት እንዲያቀርቡ ታደርጋለች። ያንቺ ትምህርት ቤት ከእነዚህ በአንዱ ከሆነ ትልቅ ተስፋ አትጣዪበት፤ ግን ጠይቂ። መጠየቅ አያስከፍልም።

ጃፓን ለየት ትላለች፤ ሰዎች ሲሰሙት የሚገርማቸውም ነገር አላት። የስደት ሕጓ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ እስር የተፈረደበትን ሰው እንዳይገባ ይከለክላል። በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተፈረደበትን ሰው ግን ቅጣቱ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን አያስገባም። በወጣትነቱ በትንሽ ዕፅ ተይዞ መቶ ብር በማትሞላ መቀጮ የተለቀቀ ሰው እዚያ ካንቺ የባሰ ችግር አለበት ማለት ነው። ያንቺ ዓይነቱ በገንዘብ ያለቀ ስርቆት ከሁለቱም አይመደብም። አውስትራሊያም መስመሯን ያሰመረችው 12 ወር ላይ ነው። በጠቅላላው 12 ወርና ከዚያ በላይ እስር የተፈረደበት ሰው የቪዛውን የጠባይ ፈተና አያልፍም። ከዚያ በታች ያለው ይመዘናል። ቪዛው ቢያልፍም ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚያስፈልገው ፈቃድ ለብቻው ይጠብቅሻል።

ካናዳና አሜሪካ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር እዚያ አለ። አንቺ «በገንዘብ ብቻ ነው የተቀጣሁት» ትያለሽ። የካናዳ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ግን የተቀጣሽውን ብቻ አያይም። የሠራሽው ነገር በካናዳ ሕግ ምን ይባላል፣ ከፍተኛው ቅጣቱስ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ያንቺ ቀላል ቅጣት ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው። በዚህ ምክንያት ነው ጠጥቶ መንዳት እዚያ ከባድ ነገር የሆነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2018 ከፍተኛው ቅጣት ወደ 10 ዓመት ከፍ ሲል፣ በሌላ አገር እንደ ቀላል ነገር የሚታይ ጥፋት ካናዳ ውስጥ ከባድ ወንጀል ሆኖ ቁጭ አለ። ያንቺ ጉዳይ በዚህ በኩል ይሻላል። ከካናዳ ውጪ የተፈጸመ፣ አንድ ብቻ የሆነ፣ በካናዳ ሕግ ከ10 ዓመት በታች የሚያስቀጣ ጥፋት፣ ቅጣቱ ከተጠናቀቀ 10 ዓመት ሲሞላው በሕግ እንደታረመ ሊቆጠር ይችላል። ቅጣቱን የከፈልሽው በ20 ዓመትሽ ከሆነና አሁን 29 ከሆንሽ ብዙም አልቀረሽም። ደረሰኙን ፈልጊ ያልኩሽ ለዚህም ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ከተፈረደብሽ ቀን ሳይሆን ቅጣቱን ከጨረስሽበት ቀን ነው።

አሜሪካ ደግሞ ስርቆትን «ከመልካም ጠባይ ጋር የሚጋጭ» ከሚባሉት ጥፋቶች ትመድበዋለች። ስሙ ያስፈራል። ግን ለትናንሽ ጥፋቶች የተተወ ልዩ ሁኔታ አለ። ጥፋቱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሕጉ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቅጣት ከ1 ዓመት እስር ካልበለጠ፣ የተፈረደብሽም ከ6 ወር ካልበለጠ ቪዛ አያስከለክልሽም። እዚህም በሕጉ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቅጣት ይታያል። ስለዚህ የተከሰስሽበትን አንቀጽ ቁጥር ከውሳኔው ግልባጭ ላይ አውጪና ከፍተኛው ቅጣት ስንት እንደሆነ አንብቢ። ጠበቃ ጋ መሄድ ካለብሽ ገንዘብሽን ለዚህ አውጪው። ለኤጀንቱ አትስጪው።

እንግሊዝ ውስጥ ለማስተማር የሚሄድ ሰው ሌላ ጣጣ አለበት። በትምህርት ዘርፍ ለሚሰጠው የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ 12 ወርና ከዚያ በላይ ከኖርሽባቸው አገሮች ሁሉ የፖሊስ ክሊራንስ ማምጣት አለብሽ። የአንድ አገር ብቻ አይበቃም። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. የ1974ቱ ሕግ የቆየ ጥፋትን «አለፈ» ብሎ ስለሚቆጥረው ለብዙ ሥራ መናገር አያስፈልግም፤ ከልጆች ጋር ለሚሠራ ሰው ግን ያው ሕግ ሙሉ ለሙሉ አይሠራም። በአንጻሩ ደግሞ የማጣሪያ ደንብ አላቸው። እዚያው የተፈረደ፣ እስራት የሌለበትና ከከባዶቹ ዝርዝር ውስጥ የማይገባ የአዋቂ ሰው ጥፋት 11 ዓመት ሲሞላው ለትምህርት ቤት በሚሰጠው ወረቀት ላይ መውጣቱ ይቀራል። ከአረብ አገሮች ደግሞ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የመልካም ጠባይ ማስረጃ ከነማረጋገጫ ማህተሙ ከመምህራን ትጠይቃለች።

ስለ ማህተም ካነሳን አይቀር፣ አፖስቲል የሚባለው የማረጋገጫ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1961 ሄግ ላይ የተፈረመ ነው። ሁለቱም አገሮች የስምምነቱ አባል ከሆኑ አንድ ማህተም ይበቃል። አንዱ አባል ካልሆነ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ኤምባሲ መመላለስ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ አባል ሆናለች። ይህን ቀድመሽ ካጣራሽ ብዙ ሰልፍ ይቀርልሻል።

አሁን ሁለተኛው በር፣ ትምህርት ቤቱ። «ለመዋቢያ ይህን ያህል?» ትዪ ይሆናል። እኔም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ነገሩን ያበዙታል እላለሁ። በተለይ ፍርድ ቤት ነጻ ያለውን ሰው «ተይዘህ ታውቃለህ?» እያሉ የሚጠይቁት አይዋጥልኝም። ግን ለምን እንዲህ እንደሆኑ ማወቅ ይጠቅምሻል። ዊሊያም ቫሂ የሚባል አሜሪካዊ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ በልጆች ላይ በፈጸመው ጥቃት ተይዞ ጥፋቱን አምኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ከአገር አገር እየተዘዋወረ በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። የተጋለጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ከእሱ የተሰረቀ ፍላሽ ተከፍቶ በውስጡ ያለው ምስል ሲታይ። ያ ሁሉ ትምህርት ቤት ሲቀጥረው መዝገቡን ያየ አልነበረም። በዚያው ዓመት የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ማኅበራት የሕጻናት ጥበቃ ግብረ ኃይል አቋቋሙ፤ የመምህር ቅጥር ማጣሪያውም ጠበቀ። ካንቺ የሚጠየቀው ወረቀት ሁሉ የመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ይህን የምነግርሽ ለማስፈራራት አይደለም። ቀጣሪው ምን እየፈለገ እንደሆነ እንድታውቂ ነው። ዋናው የሚፈልገው በልጅ ላይ የተፈጸመ ነገር፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ድብድብ፣ ዕፅ ነው። ስርቆት ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል፤ ጥያቄውም «ይህች ሰው ትታመናለች ወይ?» የሚል ነው። አንቺ ደግሞ ለዚያ ጥያቄ መልስ መስጠት የምትችዪው በዚያው ፎርም ላይ ነው። ሰርቄ ነበር ብሎ ሳይገደድ የሚናገር ሰውና መዝገቡ ሲገኝበት የሚንተባተብ ሰው እኩል አይታዩም።

ጥያቄውን ግን አስተውለሽ አንብቢው። ፎርሞች አንድ ዓይነት አይጠይቁም። አንዱ «ተፈርዶብሽ ያውቃል?» ይላል። ሌላው «ታስረሽ፣ ተከሰሽ ወይም ተፈርዶብሽ» ይላል፤ ይሄኛው ሰፊ ነው። ሦስተኛው «በሕግ ያልተሰረዘ ፍርድ አለብሽ?» ይላል፤ የተሰረዘለት ሰው እዚህ ላይ በሐቅ «የለም» ሊል ይችላል። አንዳንዱ «ከትራፊክ ቅጣት በስተቀር» ይላል። የአሜሪካ የቪዛ ፎርም ደግሞ ይቅርታ ወይም ምሕረት የተደረገለትን ጭምር ይጠይቃል፤ እዚያ «ተሰርዞልኛል» ብሎ መዝለል የለም። የተጠየቅሽውን መልሺ። ከተጠየቅሽው በላይ ኑዛዜ አያስፈልግም፤ ከተጠየቅሽው በታችም አትመልሺ። አንቺ የላክሽልኝ ጥያቄ «በማንኛውም ጊዜ» የሚል ነው። ስለዚህ ያንቺ መልስ «አዎ» ነው። ሌላ መንገድ አልፈልግልሽም።

«አዎ» ብለሽ ግን ሳጥኑን ብቻ ምልክት አድርገሽ አትለፊ። ከሥሩ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ለብቻ ወረቀት አያይዢ። አጭር ይሁን። እኔ ብሆን የምጽፈው እንዲህ ነው፦

«በ20 ዓመት ዕድሜዬ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ከአንድ ሱቅ የመዋቢያ ዕቃ ሳልከፍል ወስጃለሁ። ፍርድ ቤት ቀርቤ ጥፋቴን አምኛለሁ፤ በገንዘብ ተቀጥቼ ቅጣቱን ከፍያለሁ። እስራት አልተፈረደብኝም። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሌላ ክስ ወይም ፍርድ የለብኝም። የውሳኔውን ግልባጭ፣ የክፍያ ደረሰኙንና የፖሊስ ማስረጃዬን አያይዣለሁ። ለማንኛውም ጥያቄ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። «ጓደኞቼ ገፋፍተውኝ ነው»፣ «በወቅቱ ብዙ ችግር ነበረብኝ»፣ «ዕቃው ርካሽ ነበር» የሚሉትን ተያቸው። እውነት ቢሆኑም ሰበብ ይመስላሉ። «እጅግ አፍራለሁ» እያልሽ ገጽ አትሙዪ፤ ነገሩን ካለበት ያገዝፈዋል። ዓመቱን ጻፊ፣ የሆነውን ጻፊ፣ ውጤቱን ጻፊ፣ ወረቀቱን አያይዢ። ስም፣ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ከግልባጩ ጋር መግጠማቸውን ግን ከመላክሽ በፊት አረጋግጪ። እውነቱን እየተናገርሽ ዓመቱን ብታሳስቺ የምታወሪው ሁሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል።

መቼ ይነገር የሚለውም አለ። ሲቪ ላይ አይጻፍም። የመጀመሪያው ኢሜይል ላይም ቦታው አይደለም። አንቺን ሳያውቁሽ ጥፋትሽን ብቻ ያውቃሉ። ግን ኮንትራት ተፈርሞ፣ ቲኬት ተቆርጦ፣ የሌላ አመልካች ዕድል ከተዘጋ በኋላም አይሆንም። ያንቺ ጊዜ አሁን ነው፤ ቃለ መጠይቁን አልፈሻል፣ ፎርሙ ጠይቋል። ከመላክሽ በፊት ቃለ መጠይቅ ላደረገልሽ ሰው ወይም ለሰው ኃይል ክፍሉ ደውለሽ «ፎርሙ ላይ አንድ የምታዩት ነገር አለ፣ ቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው» በያቸው። ድምፅሽን መስማታቸው ይረዳል። በዚያው ጥሪ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «አገሩ ለሥራ ፈቃድ ይህን ይቀበላል ወይ? ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ጉዳይ አጋጥሟችኋል?» የትምህርት ቤት የቪዛ ጉዳይ ሠራተኞች በዚህ ነገር ከብዙ ኤጀንት ይበልጣሉ። ከዚያ ያወራችሁትን በአጭሩ በኢሜይል አስቀምጪው። ከ6 ወር በኋላ «አልነገረችንም» የሚል ሌላ ኃላፊ ቢመጣ የምታሳዪው ነገር ይኑርሽ።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ምክር። «ማን ያየዋል?» ላለችው መልሱ ብዙ ሰው ያየዋል ነው። ፖሊሱ፣ ኤምባሲው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፈቃድ ሰጪው። ቪዛው በታደሰ ቁጥር፣ ትምህርት ቤት በቀየርሽ ቁጥር እንደገና ይታያል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባል የለ? ለመያዝ የሚያበቁ ነገሮችም ሰው ከሚያስበው በላይ ረቂቅ ናቸው። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። እንግሊዝ አገር ለውጭ ጉዞ የሚሰጠው የፖሊስ ወረቀት ምንም መዝገብ ለሌለው ሰው «ምንም አልተገኘም» ይላል። መዝገብ ኖሮት በጊዜ ብዛት መገለጽ ለቀረለት ሰው ግን «በሥራ ላይ ያለ መዝገብ አልተገኘም» ይላል። ላየው ሰው ሁለቱም ንጹህ ይመስላሉ። በየቀኑ እንዲህ ዓይነት ወረቀት የሚያገላብጥ ቀጣሪ ግን ልዩነቱን ያውቃል። «የለም» ብሎ የጻፈ ሰው እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ቅጣቱንም አመዛዝኚው። የካናዳ ሕግ የሐሰት መረጃ ላቀረበ ሰው 5 ዓመት በሩን ይዘጋበታል። እንግሊዝ ውስጥ በማታለል የተያዘ ማመልከቻ እስከ 10 ዓመት ሊያስከለክል ይችላል። አሜሪካ ደግሞ ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ የዋሸን ሰው ልዩ ይቅርታ ካላገኘ በስተቀር ዕድሜ ልክ ትከለክላለች። ከላይ የነገርኩሽን አስታውሺ፤ ያው ስርቆትሽ እዚያው አሜሪካ በልዩ ሁኔታ ሊታለፍ የሚችል ነው። ሊታለፍ የሚችለውን ነገር ለመደበቅ ብለሽ የማይታለፍ ነገር ትገዣለሽ። «ዕድሜ ልኬን ሊከተለኝ ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መዋቢያው ላይከተልሽ ይችላል። ውሸቱ ግን ይከተልሻል።

ኤጀንቱን ተይው። ስልኩንም አታንሺለት። የሚያመጣልሽ ወረቀት ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ የፈረምሽው አንቺ ነሽ፣ ሲያዝ የምትጠየቂውም አንቺ። አረጋጋጭ መሥሪያ ቤቶች ወረቀቱን ያወጣውን ክፍል መጠየቅ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ወረቀቶችም ዛሬ የማረጋገጫ ቁጥር አላቸው። የገንዘብ ቅጣት የነበረው ታሪክሽ በአንድ ጊዜ ሰነድ ማጭበርበር ይሆናል፤ ምናልባትም በማታውቂው አገር ፍርድ ቤት። «ወረቀት አያስፈልግም፣ በቱሪስት ቪዛ ግቢ፣ እዚያ እናስተካክላለን» የሚሉ ቀጣሪዎችም አሉ። የወንጀል መዝገብ የማይጠይቅ ትምህርት ቤት ያጓጓል፤ ይገባኛል። ግን አንቺን ያልጠየቀ ሌላውንም አልጠየቀም። ደሞዝሽ ሲዘገይ፣ ፓስፖርትሽ ሲያዝ አቤት የምትይበት ቦታ አይኖርሽም፤ በሕግ እዚያ አልነበርሽምና።

ትምህርት ቤቱ «ይቅርታ፣ አንችልም» ቢል ምን ይሆናል? ሊል ይችላል። ያ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቂ፤ ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ አገሩ? ትምህርት ቤቱ ከሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ሌላ ውሳኔ ሊሰጥ ይችላል። ልምድ ያላት የሂሳብ መምህር ነሽ፤ የሚፈልጉሽ አይጠፉም። አገሩ ከሆነ ወደዚያ አገር መድከምሽን አቁሚ። መስመሩን በእስር ርዝመት ያሰመሩት አገሮች ካንቺ ጉዳይ ጋር ይስማማሉ። ጎን ለጎንም ጥፋቱ በተፈጸመበት አገር መዝገብ የሚሰረዝበት ሥርዓት ካለ አመልክቺ። 9 ዓመት ንጹህ ሆኖ የቆየ ሰው ለዚህ ጥሩ አመልካች ነው። መሰረዙ ሁሉንም በር አይከፍትም፤ ብዙውን ጊዜ ግን ክሊራንስሽ ላይ የሚታየውን ይቀይረዋል። የሚዘገይ ነገር ስለሆነ የዚህን ሥራ መልስ እየጠበቅሽ አሁኑኑ ጀምሪው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ አሁን ስለምትሠሪበት ትምህርት ቤት ነበር። ሲቀጥሩሽ ጠይቀውሽ ከነበረና «የለም» ብለሽ ከነበረ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያንን ለብቻ ጻፊልኝ። ካልጠየቁሽ ግን አሁን ሄደሽ የምትናዘዢበት ምክንያት አይታየኝም። ሌላ የምትነግሪያቸው ነገር አለ። ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ከመቅጠራቸው በፊት አሁን ላሉሽ አለቃ በቀጥታ ይጽፋሉ፤ የሚጠይቁትም ስለ ማስተማርሽ ብቻ አይደለም። «ከልጆች ጋር እንዳትሠራ የሚያሰጋ ነገር ታውቃላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ጥያቄ ድንገት ሲያገኙት ግር ሊላቸው ይችላል። ስለዚህ ሥራ እያመለከትሽ መሆኑንና እንዲህ ዓይነት መጠይቅ ሊደርሳቸው እንደሚችል ቀድመሽ ንገሪያቸው። የሥራ መልቀቂያውን ግን አታስገቢ። ኮንትራቱ ተፈርሞ፣ የሥራ ፈቃዱ ወጥቶ፣ ቪዛው ፓስፖርትሽ ላይ እስኪገባ ክፍልሽ ውስጥ ሂሳብሽን አስተምሪ።